«የለኝም» እና «አለብኝ»



ከእጅ ወደ እጅ በምትዞረው በዚህች ወረቀታችን ስለ ናፍቆት፣ ስለ ፍቅርና ስለ አገር ብዙ ተጽፏል። ስለ ገንዘብ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። ምናልባት ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ስለ ገንዘብ ሲጽፍ ያስቃል ብለን ይሆናል። በበኩሌ ነገሩን በተገላቢጦሽ አየዋለሁ። ሺህ ዶላር ያለው ሰው አምስቷን ያላግባብ ቢያጠፋ ሌሊቱን ተኝቶ ያድራል። ሃያ ዶላር ያለው ሰው ግን አምስቷን የት እንደሚያውላት ሲወስን፣ ሳምንቱን እንዴት እንደሚኖር፣ ለማን እንደሚደርስና ማንን እንደሚያስቀይም አብሮ ይወስናል። እንግዲህ የገንዘብን ነገር አብሰልስሎ ማሰብ ከማንም ይልቅ የእኛ የቤት ሥራ ነው።

ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። ይኸውም፦ ከአገር ቤት ስልክ ተደውሎ ገንዘብ ሲጠየቅ፣ ጥቂት ገንዘብ ያስቀመጠ ስደተኛ «የለኝም» ብሎ ቢመልስ ዋሸ ይባላልን? ዋሸ ከተባለስ ምን ማለት ነበረበት? ጥያቄው በፍልስፍና መጻሕፍት ከሚነሡት ታላላቅ ጥያቄዎች ጋር ሲተያይ ትንሽ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በዚህ መጠለያና በከተማው ውስጥ ተበትነን ከምንኖረው መካከል፣ ይህ ጥያቄ በስልክ ደርሶት የማያውቅ ሰው ይገኛል ብዬ አላምንም።

አስቀድመን ያለንበትን ከተማ እንመልከት። ሐርጌሳ ገንዘብ የማይደበቅባት ከተማ ናት። በገበያው መካከል ገንዘብ መንዛሪዎች የሶማሊላንድን ሺሊንግ እንደ ጡብ ከምረው፣ ያለ አንዳች ጠባቂ ተቀምጠው ይታያሉ። ይህ ሺሊንግ እ.ኤ.አ. በ1994 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ዋጋው እየወረደ ስለ ሄደ፣ መቶ ዶላር ወደ ሺሊንግ የመነዘረ ሰው ገንዘቡን በፌስታል ይዞ ነው የሚሄደው። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ቴሌሶም የተባለው የስልክ ኩባንያ «ዛድ» የሚባለውን የስልክ ገንዘብ ጀመረ። ዛሬ ሻይ ሻጯም፣ አትክልት ሻጩም፣ የታክሲው ሾፌርም ገንዘብ በስልክ ይቀበላሉ። ወደ አገር ቤት የሚላከው በሐዋላ ቤት ወይም በቶጎ ውጫሌ በሚመላለስ ነጋዴ በኩል ይደርሳል። ቀድሞ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ሰው ተፈልጎ፣ ወር ተጠብቆ ይላክ የነበረው ገንዘብ ዛሬ ከአውራ ጣታችን ሥር ነው። ይህ ትልቅ በረከት ነው። ዳሩ ግን በመጠየቅና በመስጠት መካከል የነበረው የማሰቢያ ጊዜም አብሮ ጠፍቷል። ስልኩ ይደወላል፤ ድምፁን እንሰማለን፤ ወይ እንልካለን ወይ «የለኝም» እንላለን።

የዚህ ከተማ ሰዎች እንዲህ ያለውን ኑሮ ከእኛ በፊት ኖረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1988 ሐርጌሳ በቦምብ ስትፈርስ ነዋሪዎቿ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። በጅጅጋ አካባቢ የነበረው የሐርቲሼክ መጠለያ ከ200,000 በላይ ሰዎችን አስጠግቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 እስኪዘጋ ድረስ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1970 በቡርዖ የተመሠረተው የዳሃብሺል ሐዋላ ቤትም በዚያ ጦርነት ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ ነው ሥራውን የቀጠለው። ስለዚህ ጎረቤቶቻችን ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ምን ያህል ቤት እንደሚያቆም ያውቃሉ፤ ላኪው ራሱ ምን እየበላ እንደሚልክም እንዲሁ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። በመምህራን ማሠልጠኛ ሰዋስው የተማረ ሰው ሁሉ እንደሚያስታውሰው፣ የአንድ ዓረፍተ ነገር «ባለቤት» የሚባል አለው። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ባለ ገንዘቡ ራሱ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው፤ ገንዘቡን «ይይዛል»። በአማርኛ ግን «ገንዘብ አለኝ» ስንል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ገንዘቡ ነው። ገንዘብ አለ፤ ለእኔ አለ፤ እንደ ማለት ነው። በዚህ ቃል ውስጥ አንዲት «ብ» ስትገባ «አለብኝ» ይሆናል። ያች አንዲት ፊደል ገንዘቡን ከእጄ አንሥታ በትከሻዬ ላይ ትጭነዋለች። ያው አሥር ዶላር በስልኬ ውስጥ ሳለ «አለኝ» ይባላል፤ የቤት ኪራይ ከሆነ ግን «አለብኝ» ነው። ስልኩ ይህን ልዩነት አያውቅም፤ የሚያሳየን ድምሩን ብቻ ነው። ልዩነቱን ማወቅ ያለበት ሰውዬው ነው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በምሳሌ እንየው። አንዲት እኅታችን በሰው ቤት ሠርታ በወር 120 ዶላር ታገኛለች እንበል። ለቤት ኪራይ 40፣ ለምግብና ለውኃ 45፣ ለእቁብ 15 ትከፍላለች። የቀረችው 20 ናት። ደመወዟን በተቀበለችበት ዕለት ስልኳ 120 ይላል። በዚያው ምሽት ታናሽ ወንድሟ ደውሎ «እትዬ፣ እባክሽ 50 ዶላር» ቢላት፣ አላት ወይስ የላትም? በስልኩ ቁጥር ከሄድን አላት። በእውነቱ ግን የእርሷ ነው ሊባል የሚችለው 20 ብቻ ነው። መቶው ቀድሞ የአከራዩ፣ የባለሱቁና የእቁብተኛው ሆኗል።

እንግዲህ ሦስት ዓይነት «የለኝም» አለ ማለት ነው። የመጀመሪያው በእርግጥም ምንም የሌለው ሰው የሚለው ነው፤ ይህ እውነት ነው። ሁለተኛው ገንዘቡ በእጁ ያለ፣ ነገር ግን ለሌላ ግዴታ የተያዘበት ሰው የሚለው ነው። ሦስተኛው ገንዘቡ ያለውና ያልተያዘበት፣ ለመስጠት ግን ልቡ ያልፈቀደ ሰው የሚለው ነው፤ ይህ ውሸት ነው። ችግሩ ሦስቱም በስልክ ሲሰሙ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። በአገር ቤት ያለው ጆሮ የትኛው «የለኝም» እንደሆነ ሊለይ አይችልም። ሲውል ሲያድር እኛም ራሳችን መለየት ያቅተናል።

ከዚህ ላይ ስለ እቁብ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በቁጥር ብቻ ካየነው እቁብ ትርፍ የለውም። አሥር ሰዎች በየወሩ 15 ዶላር ቢያዋጡ፣ በየወሩ ለአንዱ 150 ዶላር ይደርሰዋል። ዕጣው በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው ከዘጠኙ ያለ ወለድ ተበደረ፤ በአሥረኛው ወር የደረሰው ደግሞ ለዘጠኙ ያለ ወለድ አበደረ። ማንም ከከፈለው በላይ አንድ ሳንቲም አላገኘም። ታዲያ ሰው ለምን ይገባበታል? ገንዘቡን በቤቱ ቢያስቀምጥ ያው 150 ዶላር አይጠራቀምለትም ወይ? ይህን ለማንኛዋም እናት ብንጠይቃት መልሱን ታውቀዋለች፤ በቤት የተቀመጠ ገንዘብ አይጠራቀምም። ባለቤቱ ራሱ ይነካዋል፤ ጎረቤት ይበደረዋል፤ ዘመድ ይጠይቀዋል። እቁብ የሚሰጠን ትልቁ ነገር «እቁብ አለብኝ» የሚለው ቃል ነው። እቁቡን ስለ ከፈለ ጨካኝ የተባለ ሰው በአገራችን የለም። ሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን ይህንኑ ማኅበር «ሃግባድ» ወይም «አዩቶ» ይሉታል። በብዙ የአፍሪካና የእስያ አገሮችም በየስሙ አለ። በየትም ቢሆን ድሃ ሰው ገንዘቡን ከራሱ እጅና ከይሉኝታ ለመጠበቅ ያገኘው ብልሃት ነው።

ጥያቄው ግን በዚህ አያበቃም። ያች እኅታችን እቁቡን የገባችው በፈቃዷ ነው። ወንድሟ የእህል መግዣ አጥቶ ሳለ፣ እርሷ ለነገ ማስቀመጧ ተገቢ ነውን? ፒተር ሲንገር የተባለው አውስትራሊያዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን የመሰለ ክርክር አንሥቷል። አንድ ሰው በኩሬ አጠገብ ሲያልፍ ሕፃን ሲሰጥም ቢያይ፣ ልብሴ ይበላሻል ብሎ ማለፍ አይችልም። ሕፃኑ በሩቅ አገር ቢሆንም ርቀቱ ግዴታውን አይቀንሰውም፤ ይላል። ርቀት ግዴታን እንደማይቀንስ ለእኛ ሊነግረን የሚያስፈልግ የለም። ነገር ግን በዚህ ምሳሌ ውስጥ አዳኙ የቆመው በደረቅ መሬት ላይ ነው። የእኛ ነገር ለየት ይላል። እኛም ውኃው ውስጥ ነን፤ ደረታችንም ደርሷል። በውኃ ውስጥ ያለ ሰው ሌላውን ለማንሣት አስቀድሞ እግሩ የሚቆምበት ድንጋይ መፈለግ አለበት። አለዚያ ሁለቱም ይሰጥማሉ። ለእኛ ትንሽ ገንዘብ ማስቀመጥ ይህን ድንጋይ መፈለግ ነው።

አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ አራተኛ ክፍል ለጋስነትን በአባካኝነትና በንፉግነት መካከል ያስቀምጠዋል። ለጋስ ሰው ለሚገባው ሰው፣ የሚገባውን ያህል፣ በሚገባው ጊዜ ይሰጣል። ይኸው ሰው የራሱንም ንብረት ቸል አይልም፤ ሌሎችን የሚረዳው በእርሱ ነውና። የየእምነቶቻችንም ሥርዓት ከዚህ የራቀ አይደለም። በእስልምና ዘካ የሚወጣው ከተወሰነ መጠን በላይ ሆኖ አንድ ዓመት ከተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ ልኩም ከአርባ አንድ ነው። በክርስትና አሥራት ከአሥር አንድ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሰደቃና ምጽዋት እንደየሰው ፈቃድ ነው። መስጠትን አብልጠው የሚያመሰግኑት እነዚህ እምነቶች ለግዴታው ቁጥር ማስቀመጣቸውን ልብ እንበል። ዘካማ ዓመት ሙሉ የተቀመጠ ነገር መኖሩን አስቀድሞ ያስባል። ያላስቀመጠ ሰው ዘካ የሚያወጣበት ነገር የለውም።

ከሰው የሚነሣብኝን ነቀፋ አውቃለሁ። «ይህ ሁሉ ‹ከራስ በላይ ንፋስ› የሚለውን ተረት በፍልስፍና ማልበስ ነው፤ ንፉጉ ሁሉ ‹አለብኝ› እያለ ሊያመልጥ ነው» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ «አለብኝ»ንም እንደ ጋሻ አንግቦ መዞር ይቻላል። አራት እቁብ ገብቶ፣ በየጥያቄው «እቁብ አለብኝ» የሚል ሰው ከባለ ሦስተኛው «የለኝም» አይለይም። ስለዚህ መለያ ያስፈልገናል። እኔ የማቀርበው መለያ ይህ ነው፦ ያስቀመጥኸው ገንዘብ ለምን እንደተቀመጠ ለእናትህ ሳታፍር ልትነግራት ትችላለህን? የቤት ኪራይን ትነግራታለህ። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያን ትነግራታለህ። ለልብስ ስፌት መኪና መግዣ የምትጠራቀመውን እቁብ ትነግራታለህ። ልትነግራት የማትደፍረው ነገር ቢኖር፣ ያ ገንዘብ «አለኝ» እንጂ «አለብኝ» አይደለም። ማስቀመጡ ትክክል ከሆነ ውሸቱ አያስፈልግም። ውሸቱ የግድ ካስፈለገ ደግሞ፣ ማስቀመጡን እንደገና መመርመር ይገባል።

ሁለተኛውን «የለኝም» የማልደግፈው ስለዚህ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ቃል የምንለው ክርክር ለማሳጠር ብለን ነው፤ ጉዳቱ ግን ብዙ ነው። አንደኛ፣ «የለኝም» የተባለች እናት ልጇ ተርቦ እንደሆነ አስባ ሌሊቱን በጭንቀት ታድራለች። ሁለተኛ፣ ቃሉ እንደ ሳንቲም እያደር ይፋቃል፤ በእርግጥ ባዶ እጃችንን የቀረን ዕለት የሚያምነን እናጣለን። ሦስተኛ፣ በአገር ቤት ያሉት ሰዎች ኑሯችንን በተሳሳተ ሥዕል ያዩታል። ይህን ሥዕል ከምንስለው መካከል እኛ ራሳችን ዋናዎቹ ነን። በመጀመሪያው ወር ተበድሮ 50 ዶላር የላከና ሰው ፎቅ አጠገብ ቆሞ ፎቶግራፍ የተነሣ ሰው፣ በስድስተኛው ወር «የለኝም» ቢል ማን ያምነዋል? ያች የመጀመሪያዋ ሃምሳ ዶላር የይሉኝታ ግብር ናት።

በሥዕሉ ላይ ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 1,140 ብር ይሆን የነበረው 20 ዶላር ከ2,000 ብር በላይ ሆነ። ላኪው ስጦታው በእጥፍ ያደገ መሰለው። በአገር ቤት ግን ዘይት ሻጩም እህል ነጋዴውም የምንዛሪውን ዜና ሰምተዋል። ስለዚህ በብር ቁጥር መነጋገር ሁለቱንም ወገን ያሳስታል። «ይህ ገንዘብ ስንት ኪሎ ጤፍ፣ ስንት ሊትር ዘይት ይገዛልሃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ያን ጊዜ ላኪና ተቀባይ ስለ አንድ ነገር ይነጋገራሉ።

ታዲያ ምን እንበል? «እማዬ፣ ገንዘብ አለኝ፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ አለብኝ፣ እቁብም አለብኝ። እቁቡ ሲደርሰኝ ከእርሱ ይህን ያህል እልክልሻለሁ» እንበል። ይህን ማለት ከ«የለኝም» ይከብዳል። «ለአንድ ወር እቁብህን ተወውና ላክልኝ» የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን የእቁብን ሕግ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል። «እማዬ፣ እቁብ እንደማይተው ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ» ቢባሉ የሚመልሱት አይኖራቸውም። ደግሞስ ኪራይ ስንት እንደሆነ፣ ውኃ በስንት እንደሚገዛ ከነገርናቸው በኋላ፣ ጥያቄው ራሱ ይለዝባል። እኛ የደበቅናቸውን ያህል ጨካኞች አይደሉም።

ውሳኔው ስልኩ ከመደወሉ በፊት መደረግ አለበት። የሚያለቅስ ድምፅ በጆሮ ሳለ ማንም ሰው በትክክል ሊደምርና ሊቀንስ አይችልም። ከላይ ያነሣናት እኅት ከ20 ዶላሯ 10ሩን የአገር ቤት ድርሻ፣ 5ቱን የድንገተኛ፣ 5ቱን የራሷ ብላ ብትመድብ፣ ለወንድሟ «በየሁለት ወሩ 20 ዶላር እልክልሃለሁ» ብላ በእርግጠኝነት መናገር ትችላለች። በቀኗ የምትደርስ ትንሽ ገንዘብ፣ መምጫዋ ከማይታወቅ ትልቅ ገንዘብ ትሻላለች። ወንድሟ በእርሷ ተማምኖ በበኩሉ በሠፈሩ እቁብ ሊገባባት ይችላልና። ለራሷ የመደበቻትም አምስት ዶላር በሐፍረት የምትታይ አይደለችም። አንድ ጊዜ ቡና አፍልቶ ከጎረቤት ጋር የማይጠጣ ሰው ብዙ ወር መላክ አይችልም።

ደንብ ሁሉ ግን የሚቆምበት ቦታ አለ። ዘመድ በስደት መንገድ ተይዞ ቤዛ ሲጠየቅበት፣ ወይም በሽታ ቀን አልሰጥ ሲል፣ «አለብኝ» የሚለው ቃል ዝም ማለት አለበት። ቤዛ መክፈል አጋቾቹን ያበረታታል የሚለው ክርክር እውነትነት አለው፤ ይሁን እንጂ ይህን ክርክር ለተያዘው ልጅ እናት ሊናገር የሚችል አንደበት የለኝም። እንዲህ ባለው ጊዜ ጉዳዩ ከአንድ ሰው ኪስ በላይ ስለሆነ ወደ ማኅበር መሄድ አለበት። የእቁብ ዳኛ በአባላቱ ስምምነት ዕጣውን ለተቸገረው ማስቀደሙ የቆየ ልማዳችን ነው። ለዚህም ነው እቁብን በደንብና በታመነ ሰው መያዝ የሚያስፈልገው።

ሐርጌሳም ይህን በእሳት አይታለች። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ሌሊት፣ ረመዳን ሊገባ ሲል፣ የዋሂን ገበያ ተቃጠለ። ወደ 2,000 የሚጠጉ ሱቆች ወደሙ። ብዙው ነጋዴ ያጠራቀመው ሁሉ በሱቁ ውስጥ በዕቃ መልክ ነበር። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። በአንድ ገበያ ውስጥ የሚሠሩ አሥር ሰዎች ብቻቸውን የገቡበት እቁብ በአንድ ሌሊት አብሮ ሊቃጠል ይችላል፤ እቁብተኛው ከተለያየ ሥራና ሠፈር ቢሆን ይመረጣል። ሁለተኛው ደግሞ፣ በማግስቱ ገበያውን መልሶ ለማቆም መዋጮ ሲሰበሰብ፣ ሊሰጥ የቻለው ያስቀመጠው ነገር የነበረው ሰው ነው። ባዶ የሆነ እጅ ምን ያህል ቢዘረጋ ከውስጡ የሚወጣ የለም።

እንግዲህ ለተነሣው ጥያቄ መልሴ ባጭሩ ይህ ነው። ለተገቢ ነገር ገንዘብ አስቀምጦ «የለኝም» ያለ ሰው በማስቀመጡ አልበደለም፤ በቃሉ ግን እውነቱን አልተናገረም። ይህም ሳያስፈልገው ነው፤ እውነተኛው ቃል በቋንቋችን ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋልና። «አለብኝ» ይበል፤ ምን እንዳለበትም ይንገር። መንገር የሚያሳፍረው ከሆነ ያችን ገንዘብ ይላካት።

ይህ የእኔ አስተያየት ነው። በተለይ የድንገተኛውን ድርሻ በተመለከተ፣ ልጆች ያሏቸው አባላት ከእኔ የተሻለ ሊያውቁ ይችላሉ። የሚቃወም ካለ በሚቀጥለው ዕትም ይጻፍ፤ ወረቀት ላጣ ሰው ከዚህች ገጽ ጀርባ ግማሹ ባዶ ነው።